ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ሰርቨር ላይ እምቢ ያለው ስክሪፕት

ከአንዲት ወጣት ፕሮግራመር የደረሰኝ ጥያቄ ይኸውላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለአንድ መድኃኒት ቤት የስቶክና የሽያጭ ሲስተም እየሠራሁ ነው። በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ነው፤ 47 ቴብል አለው። ገና ሙከራ ላይ ስለሆንኩ በቀን ሁለት ሦስቴ ቴብሎቹን በሙሉ በስክሪፕት አጥፍቼ እንደ አዲስ እፈጥራቸዋለሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለኝ ዛምፕ ነው (ላፕቶፑን ለሙከራ እንደ ሰርቨር የሚያደርገው ጥቅል)፤ እዚያ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ያንኑ ስክሪፕት ሆስቲንጉ ላይ ሳስኬደው 1064 የሚል ኤረር ይሰጠኛል። ትቼው አንድ በአንድ ላጥፋ ስል ደግሞ 3730 ይለኛል። ዳታቤዙን ራሱን ሰርዤ ብገላገልስ? ማስረከቢያዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

ስክሪፕቱንና ሰርቨሩ ላይ ያወጣውን ጽሑፍ አያይዛ ልካለች።

እህቴ፣ ስክሪፕትሽ ደህና ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ግን ጭራው እየተቆረጠ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞቹን የምጽፋቸው ስንነጋገር እንደምንጠራቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ እንዴት እንደሚጻፉ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ቃል ከቃል የሚያያዝበት አንደርስኮርም የት የት እንደሚገባ ስክሪፕትሽ ላይ አለ።

ስክሪፕትሽ የሚያደርገው ይህን ነው። ኢንፎርሜሽን ስኪማ ከሚባለው የሰርቨሩ መዝገብ የቴብሎቹን ስም ያወጣል። ግሩፕ ኮንካት የተባለው ፈንክሽን ስሞቹን በኮማ እየሰካ አንድ ረጅም ጽሑፍ ያደርጋቸዋል። ከፊቱ «ድሮፕ ቴብል» ይጨመርበትና አንድ ትእዛዝ ሆኖ ይሄዳል። ጥሩ አሠራር ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ማይኤስኪውኤል ለግሩፕ ኮንካት የሚሰጠው ቦታ፣ ካልነካካሽው፣ 1024 ባይት ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ የተረፈውን ይቆርጠዋል። ኤረር አይሰጥም። ዋርኒንግ ጣል አድርጎ ያልፋል፤ ዋርኒንግ ደግሞ ማን ያነባል?

ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ የቴብል ስም ከነጥቅሱና ከነኮማው በአማካይ 25 ፊደል ነው ብንል (ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆኑ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ነው)፣ 47 ጊዜ 25 1175 ይመጣል። ስለዚህ 150 ያህል ፊደል ውጭ ቀርቷል፤ ስድስት ቴብል ገደማ ማለት ነው። የላክሽልኝን ጽሑፍ መጨረሻውን አየሁት። «ስቶክ ሙቭመንት» የሚለው ቴብል «ስቶክ ሙቭ» ላይ ተቆርጧል። የከፈተው ጥቅስ አልተዘጋም። 1064 ማለት «የጻፍሽውን ሰዋስው አልገባኝም» ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ግማሽ ስም ቢሰጡት ምን ይግባው።

እንኳንም ስም መሃል ላይ ተቆረጠ። ልክ ጥቅሱ የተዘጋበት ቦታ ላይ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ሙሉ ይመስል ነበር። 41 ቴብል ይጠፋል፣ ስድስቱ ይቀራሉ፣ አንቺም «ሠራ» ብለሽ ትቀጥያለሽ። ከዚያ ቴብሎቹን እንደ አዲስ ስትፈጥሪ የቀሩት ስድስቱ በድሮ ፎሬይን ኪያቸው (አንዱ ቴብል ወደ ሌላው በሚጠቁምበት ማያያዣ) ወደ አዲሶቹ መጠቆም ይጀምራሉ። የአንዱን ኮለም ዓይነት ቀይረሽ ከሆነ ደግሞ ቴብሉ አልፈጠርም ይላል። ያን ጊዜ የሚመጣው ኤረር ስለ ፎሬይን ኪ እንጂ ስለተቆረጠ ዝርዝር አንዲት ቃል አይናገርም። እዚያ ላይ ግማሽ ቀኑን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። አጠገቤ ነው የተቀመጠው፤ ዛሬም ስሙን ብጠራ ይቆጣል።

ታዲያ ላፕቶፕሽ ላይ ለምን ሠራ? ዛምፕ መቆጣጠሪያው ላይ ማይኤስኪውኤል ብሎ ይጻፍ እንጂ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፤ ማሪያዲቢ ከማይኤስኪውኤል ተገንጥሎ የወጣ ነው። ግን ማሪያዲቢ ከ10.2.4 ጀምሮ ይህን ገደብ ወደ 1 ሜጋባይት ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ 47 ቀርቶ ሺህ ቴብል ቢኖርሽም አይቆርጥብሽም። ሆስቲንጉ ላይ ያለው ግን ዋናው ማይኤስኪውኤል 8 ነው፤ 3730 የሚለው ቁጥርም ያንኑ ያሳብቃል። ሁለቱም ቦታ «ሴሌክት ቨርዥን» ብለሽ ጠይቂ። ማሪያዲቢ ከሆነ ስሙን ራሱ ይነግርሻል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ዝርዝሩን ከማውጣትሽ በፊት «ሴት ሴሽን ግሩፕ ኮንካት ማክስ ሌን» ብለሽ 1000000 ስጪው። አለቀ።

አለቀ ካልኩ በኋላ ግን ስክሪፕትሽ ላይ ሌሎች አራት አምስት ነገሮች አይቻለሁና ዝም ብዬ ባልፍ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ 3730ን እንፍታ። የሽያጭ ዝርዝር የሚለው ቴብልሽ በእያንዳንዱ መስመር የመድኃኒት ቁጥር ይዟል። ቁጥሩ በፎሬይን ኪ ወደ መድኃኒት ቴብል ይጠቁማል። መድኃኒትን ቀድመሽ ላጥፋ ስትዪ ሰርቨሩ «የሚጠቁምበት አለ» ብሎ ይከለክላል። ልጁ መቅደም፣ ወላጁ መከተል አለበት። ይህን አውቀሽ በቅደም ተከተል ልታጠፊ ብትሞክሪም አንድ ቦታ ትጣበቂያለሽ። ሠራተኛ የሚለው ቴብል የቅርንጫፍ ቁጥር ይዟል፤ ቅርንጫፍ ደግሞ ኃላፊውን ለማወቅ የሠራተኛ ቁጥር ይዟል። ሁለቱ እርስ በእርስ ተያይዘዋል። ለእነሱ ትክክለኛ ቅደም ተከተል የሚባል የለም።

ለዚህ ነው ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ፎሬይን ኪ ቼክስን 0 የሚያደርገው። ሁሉንም ጠራርገሽ ልታጠፊ ከሆነ ይህ ምንም ነውር የለውም፤ የሚጠቁምም የሚጠቆምበትም አብረው ይሄዳሉ። ነገር ግን ይህ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ለዚያ ኮኔክሽን ብቻ ነው። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ አንዱን ትእዛዝ ልከሽ መልሱን ካየሽ በኋላ ሌላውን ስትልኪ ኮኔክሽኑ አዲስ ነው፤ ቼኩም ወደ 1 ተመልሷል። «አጥፍቼው ነበር እኮ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው። ሁሉንም መስመር አንድ ላይ ለጥፈሽ በአንድ ጊዜ ላኪ። የኤስኪውኤል መጻፊያው ሣጥን ሥርም ስለ ፎሬይን ኪ የምትጠይቅ ትንሽ ምልክት ማድረጊያ አለች፤ እሷንም ተመልከቻት።

ሁለተኛ፣ ስሞቹን ያቀፍሽበት ጥቅስ። ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን ዘንበል ያለች ጥቅስ በትክክል ተጠቅመሻል፣ ጎበዝ። «ኦርደር» የሚባል ቴብል ስላለሽ ያለ እሷ አይሄድልሽም ነበር፤ ቃሉ የራሱ የኤስኪውኤል ቃል ነውና።

ሦስተኛ፣ ቪው። የሪፖርት ቪዎች (እንደ ቴብል የሚነበቡ የተቀመጡ ጥያቄዎች) እንዳሉሽ አይቻለሁ። ኢንፎርሜሽን ስኪማ ቴብልንና ቪውን አንድ ላይ ይዘረዝራል። ቴብል ታይፕ «ቤዝ ቴብል» የሆነውን ብቻ ውሰጂ፤ ቪዎቹን ለብቻቸው በ«ድሮፕ ቪው» አጥፊ። ፕሮሲጀር ካለሽ ደግሞ ቴብል በመጥፋቱ እሱ አይጠፋም።

አራተኛ፣ ዳታቤዙ ቀድሞውኑ ባዶ ከሆነ። ያን ጊዜ ዝርዝሩ ነል፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ይሆናል። ነል የተጨመረበት ጽሑፍ ሁሉ ነል ነው። ጽሑፉን ወደ ትእዛዝ የሚያዘጋጀው ፕሪፔር ነል ሲሰጡት ያው 1064 ብሎ ይጮሃል። አንቺም ሌላ ነገር ተበላሸ ብለሽ ትደነግጫለሽ። «ኢፍ ነል» ብለሽ በምትኩ «ሴሌክት 1» ስጪው፤ ምንም ሳይሠራ በሰላም ያልፋል።

አምስተኛው ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። ስክሪፕትሽ የሚያጠፋው «አሁን ያለሁበትን ዳታቤዝ» ነው። የት እንዳለሽ አይጠይቅም።

ታሪኬን ልንገርሽ። የዛሬ ብዙ ዓመት ለአንድ መጋዘን እሠራ ነበር። ስክሪኔ ላይ ሁለት ጥቁር መስኮት ተከፍቷል፤ አንዱ የሙከራው፣ አንዱ የእውነተኛው። ቀለማቸው አንድ፣ ፊደላቸው አንድ። ሰው መጣና አናገረኝ። ዞሬ ተመለስኩና ኢንተር ተጫንኩ። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ከታች የሽያጭ ሠራተኛዋ ድምፅ ተሰማ፦ «ሲስተሙ ሄደ እንዴ?» ሆዴ ውስጥ የተሰማኝን አሁንም አልረሳውም። የትናንት ማታ ባክአፕ ነበረን። የዚያን ቀን ሽያጭ ግን ከደረሰኝ ቀሪ ላይ እያነበብን ሁለት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ መልሰን አስገባነው። አለቃዬ አልጮኸብኝም። ቀሪዎቹን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለላቸውና ሄደ።

ይህ ደግሞ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስልሽ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን ጊትላብን ታውቂዋለሽ። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017፣ አንድ ኢንጂነራቸው ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን የፖስትግሬስ (ሌላ የዳታቤዝ ዓይነት ነው) ዳታ ፎልደር ማጥፋት ጀመረ። ሲነቃ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ነበር። ባክአፖቻቸውን ሲፈልጉ ደግሞ አንዱ ከዳታቤዙ ጋር በማይስማማ ቨርዥን ስለሚሠራ ለካ ዝም ብሎ ሲከሽፍ ነው የከረመው። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ዳታ ግን ጠፋ። ድርጅቱ ሁሉንም ሳይደብቅ ለሕዝብ ጽፎታል፤ እኔ ለዚህ ነው የማከብራቸው።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ውስጥ የሙከራ ዳታቤዝሽን ስም በግልጽ ጻፊ፣ «አሁን ያለሁበት» አትበዪ። ያም ብቻውን አይበቃም። ዝርዝሩን ከሙከራው አውጥተሽ ራስሽ እውነተኛው ላይ ቆመሽ ከሆነ፣ የቴብሎቹ ስም አንድ ስለሆነ የሚጠፉት የእውነተኛው ናቸው። የዳታቤዙን ስም ከእያንዳንዱ ቴብል ስም ፊት በነጥብ ለይተሽ አስገቢ፤ ስሙ ከነአባቱ ሲጠራ አይሳሳትም። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ይርዘም፤ ቦታውን አስፍተነዋል። የሙከራው ዳታቤዝ ስም መጨረሻ ላይም «ቴስት» ይኑርበት፤ ሌላ ሰርቨር ላይ ተመሳሳይ ስም እንዳይኖር። ለእውነተኛው ደግሞ ሲስተምሽ የሚገባበት ዩዘር ሌላ ይሁን፤ ድሮፕ የማድረግ መብትም አትስጪው። ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ መብት ስትሰጪ የሚመጣው ዝርዝር ውስጥ አለች፤ ምልክቷን አንሺ።

አንድ ልማድ ልጨምርልሽ። ኤክስኪዩት የምትለውን መስመር ለጊዜው ዝጊያትና የተሠራውን ትእዛዝ በ«ሴሌክት» አውጥተሽ በዓይንሽ አንብቢው። ጭራው ድረስ። ካነበብሽ በኋላ ክፈቻትና አስኬጂ። ይህን ብታደርጊ ኖሮ እኔን መጠየቅ አያስፈልግሽም ነበር። ብትጠይቂኝም ደስ ብሎኛል።

ማይኤስኪውኤል ላይ ድሮፕ ካደረግሽ «ሮልባክ»፣ የሠራሽውን የሚሽረው ትእዛዝ፣ አይመልስልሽም። ድሮፕ ራሱ ሲሠራ ያለሽበትን ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሻሩ ሥራዎች) ኮሚት አድርጎ፣ ማለትም አጽድቆ፣ ይዘጋዋል። ፖስትግሬስ ላይ ግን «ቢጊን» ብለሽ አጥፍተሽ፣ ደንግጠሽ «ሮልባክ» ማለት ትችያለሽ፤ ሁሉም ተመልሶ ቦታው ላይ ታገኚዋለሽ። እዚያ ፐብሊክ የሚባለውን ስኪማ በ«ካስኬድ»፣ ከነተያያዘው ሁሉ፣ ጥሎ መልሶ መፍጠር ብቻ ነው፤ ውስጡ የተጫነ ኤክስቴንሽን ካለ አብሮ እንደሚሄድ ግን አትርሺ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ካስኬድ የለም፤ መጀመሪያ ፎሬይን ኪዎቹን በስክሪፕት ነቅለሽ ነው ቴብሉን የምታጠፊው። ኤስኪውላይት ከሆነ ፋይሉን ሰርዢውና ቡናሽን ጠጪ።

ስለዚህ እውነተኛው ጋ ከመድረስሽ በፊት ባክአፕ። ማይኤስኪውኤል ደምፕ ሲጨርስ የፋይሉ የመጨረሻ መስመር ላይ «ደምፕ ኮምፕሊትድ» ብሎ ቀንና ሰዓት ይጽፋል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ወይም ስታወርጂ ኔትወርክ ከተቋረጠ ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው፣ ያ መስመር ግን የለም። በእኛ አገር መብራት ያቺን መስመር ሳላይ ባክአፕ አለኝ አልልም። ፕሮሲጀርና ኢቨንት ደግሞ ካልጠየቅሽው አይወስድልሽም፤ «ራውቲንስ» እና «ኢቨንትስ» የሚሉትን ጨምሪ።

ስክሪፕቱ ሳይከሽፍም ሳይጨርስም ቆሞ ከቀረ፣ ሌላ ቦታ ያልተዘጋ ትራንዛክሽን አለ ማለት ነው። አንዱን ቴብል ይዞት ድሮፑ ተራ እየጠበቀ ነው። «ሾው ፕሮሰስ ሊስት» ብትዪ «ዌይቲንግ ፎር ቴብል ሜታዳታ ሎክ» የሚል ታያለሽ። ያዡን ፈልገሽ ዝጊው። ዝም ብሎ ይለቅ ይሆናል ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ማይኤስኪውኤል ለዚህ የተሰጠው የትዕግሥት ጊዜ 31536000 ሰከንድ ነው። ልክ አንድ ዓመት።

አሁን «ዳታቤዙን ራሱን ልሰርዘው?» ወዳልሽው። ላፕቶፕሽ ላይ፣ አዎ። ድሮፕ ዳታቤዝ፣ ክሪኤት ዳታቤዝ፣ ሁለት መስመር ነው፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ ግሩፕ ኮንካት አያስፈልግሽም። ሆስቲንጉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዩዘርሽ ዳታቤዝ የመፍጠር መብት የለውም። ሰርዘሽ ብትጨርሺ መልሰሽ በትእዛዝ መፍጠር ትከለከያለሽ፣ ሲፓነል ውስጥ ገብተሽ በእጅ መሥራት ሊኖርብሽ ነው። ስትፈጥሪውም ካራክተር ሴቱን ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ማለትሽን አረጋግጪ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። የድሮው የማይኤስኪውኤል ልማድ ላቲን 1 ነበር፤ እስከ 5.7 ድረስ። እዚያ ላይ «የራስ ምታት ክኒን» ብለሽ ያስገባሽው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፣ አንዴ እንዲያ ከተቀመጠ መልሶ የሚያነበው የለም።

ማስረከቢያሽ በሚቀጥለው ሳምንት ነው ስላልሽ ደግሞ፣ የመጨረሻዋ ቀን ላይ የሚያስፈልግሽ ይህ ስክሪፕት ራሱ አይመስለኝም። ያን ጊዜ የቴብሎቹ ቅርጽ አልቋል። የሙከራ ሽያጩን ጠርገሽ የመድኃኒት ዝርዝሩን፣ የመለኪያዎቹንና የዩዘር ዓይነቶቹን ማስቀረት ነው የምትፈልጊው። ለዚያ «ትራንኬት» አለ፤ ቴብሉን ትቶ ውስጡን ባዶ ያደርጋል፣ አውቶ ኢንክሪመንቱንም ወደ 1 ይመልሳል። ፎሬይን ኪ የሚጠቁምበት ቴብል ላይ እሱም እምቢ ይላል፤ የኤረሩ ቁጥር 1701 ነው፣ መፍትሔው ያው ፎሬይን ኪ ቼክስን 0 ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ግን ስሞቹን ከኢንፎርሜሽን ስኪማ በጅምላ አታውጪ። የሚጠረጉትን አንድ በአንድ በእጅሽ ጻፊ፤ አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው። ቼኩ ጠፍቶ ሳለ መድኃኒትን በስህተት ብትጠርጊ፣ ሽያጩ የሌለ መድኃኒት እየጠራ ይቀራል። ቼኩን መልሰሽ ወደ 1 ብታደርጊም ሰርቨሩ ወደ ኋላ ሄዶ የገባውን አይመረምርም።

የደረሰኝ ቁጥሩ ከ1 ይጀምር ወይስ ከወረቀት ደብተራቸው ይቀጥል የሚለውን ደግሞ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ከትራንኬቱ በፊት ጠይቂያቸው።